«ዋይ» ለቅሶ አይደለም፦ ስለ ታይላንድ ነውር ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። መልእክቱ ባጭሩ «ታይላንድ የምትሄዱ ሀበሾች፣ ሳታውቁ ጉድ እንዳትሆኑ» የሚል ነው። ከላኪዎቹ አንዷ እናቴ ናት። «አንተ አባትህን ይዘህ ስትሄድ ይሄን ሁሉ ታውቅ ነበር?» የሚል የድምፅ መልእክት አስከትላለች። አላውቅም ነበር እማዬ። ደግነቱ ግማሹ ልክ ስላልሆነ አለማወቄ ብዙም አልጎዳኝም።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ክፋት እንደሌለባቸው ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ደግሞም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያስፈልገናል። ከአዲስ አበባ ባንኮክ በረራ ስላለ የሚመላለሰው ወገናችን ቀላል አይደለም። አንዱ በሽተኛ ይዞ ይሄዳል። ሌላው ፕራቱናም ገበያ ልብስ ሊጭን ይሄዳል። ለጫጉላ የሚሄዱም አሉ። እኔ አባቴን ለሕክምና ይዤ ሁለት ወር ተኩል ተቀምጫለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለዕቃ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሊቅ ነኝ አልልም። ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የምጽፈው።

የጸሐፊውን ነጥቦች ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ታይላንድ ውስጥ ላገኛችሁት ሰው ሁሉ እጃችሁን ገጥማችሁ ጎንበስ ካላላችሁ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ የሰው ጭንቅላት መንካት ወይም የእግር መርገጫ ማሳየት ያስደበድባል፣ ሊያሳስርም ይችላል። ሦስተኛ፣ መነኩሴ ስታዩ ራቁ፤ ሴት ከሆናችሁ ጭራሽ አታናግሩ፤ ሳህናቸው ውስጥ ግን ሳንቲም ጣል ብታደርጉ ደስ ይላቸዋል። አራተኛ፣ ቤተ መቅደሳቸው የገባ ሰው መስገድ ግዴታው ነውና ክርስቲያንም ሙስሊምም ባይገባ ይሻላል። አምስተኛ፣ ቡዲስት ሥጋ ስለማይበላ ፊቱ ሥጋ አትብሉ። ስድስተኛ፣ ታዮች ሁሌ ፈገግ ስለሚሉ አይቆጡም፤ ገበያ ላይ እንዳሻችሁ ተከራከሩ። ሰባተኛ፣ ይህን ያወቀ ሰው የትኛውም የቡዲስት አገር ቢሄድ አይቸገርም።

ከእነዚህ ሌላ ስለ ልብስ፣ ስለ ጫማና ስለ ንጉሡ ጽፈዋል። እሱ ልክ ነው። ትከሻና ጉልበት የማይሸፍን ልብስ ለብሳችሁ ባንኮክ ያለው ታላቁ ቤተ መንግሥት በር ላይ ብትደርሱ አያስገቧችሁም። ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ይወልቃል። የንጉሡ ጉዳይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 112 ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን ወይም አልጋ ወራሹን የሰደበ ሰው ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ3 እስከ 15 ዓመት ይታሰር ይላል። ፌስቡክ ላይ የተጻፈም ይቆጠራል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ብሔራዊ መዝሙር ሲሰማ ሰው ባለበት ቀጥ ይላል፤ እናንተም ቁሙ። ገንዘባቸው ላይ የንጉሡ ምስል አለ፤ ነፋስ ቢወስድባችሁ በእግር ረግጣችሁ አታቁሙት። በቀረው ነው የምንለያየው።

በሰላምታው ልጀምር። ስሙ «ዋይ» ነው። አባቴ መጀመሪያ ሲሰማው «ማን ሞተ?» ብሎ ነበር። ሁለት መዳፍን ገጥሞ ራስን ዝቅ ማድረግ ነው። ጸሐፊው ያላስተዋሉት ዋይ ተዋረድ እንዳለው ነው። ታናሽ ይጀምራል፣ ታላቅ ይመልሳል። እጁ ከፍ ባለ ቁጥር አክብሮቱም ከፍ ይላል፦ ለእኩያ አገጭ ጋ፣ ለታላቅ አፍንጫ ጋ፣ ለመነኩሴ ቅንድብ ጋ። መነኩሴው ለምእመን ዋይ አይመልስም፤ ንቀት እንዳይመስላችሁ። ታዮች ደግሞ ትልቅ ሰው ቀድሞ ለልጅ ዋይ ካለ የልጁ ዕድሜ ያጥራል ይላሉ። እስቲ አንድ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ለጎረቤት ሕፃን ከወንበራቸው ተነስተው ጉልበት ሊስሙ ሲያጎነብሱ አስቡት። ልጁ የት ይግባ? ለአስተናጋጁም ለሕፃኑም ለታክሲ ሾፌሩም ቀድማችሁ ዋይ ስትሉ እንደዚያ ነው የሚመስለው። ከውጭ ሰው ቀድሞ ዋይ የሚጠብቅ የለም። ትልቅ ሰው ዋይ ካላችሁ መልሱ። አስተናጋጅ ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ ራሳችሁን ነቅነቅ አድርጉ፤ በቂ ነው።

ከዋይ ይልቅ የሚጠቅማችሁ አንዲት ትንሽ ቃል ናት። ተናጋሪው ወንድ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ «ክራፕ» ይላል፤ ሴት ከሆነች «ካ»። እኛ በ«አንቱ» የምንሠራውን ሥራ እሷ ትሠራለች። ስም ሲጠራ ደግሞ «ኩን» ብለው የሰውዬውን የራሱን ስም ያስከትላሉ፤ የቤተሰብ ስሙን አይደለም። ልክ «አቶ ከበደ» እንደምንለው። የቤተሰብ ስም በሕግ የመጣባቸው በ1913 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዛሬም አልለመዳቸውም። የሚያውቁትን ሰው በዕድሜ ትንሽ ከበለጣቸው «ፒ» ይሉታል፤ ጋሼ ወይም እትዬ እንደማለት። ሆስፒታል ያሉት ነርሶች አባቴን «ኩን ታ» ነበር የሚሉት። ታ አያት ነው። ትርጉሙን ስነግረው «እና አባባ በሉኝ በላቸው እንጂ ምን ቸገራቸው» ብሎ ተኮፈሰ።

ጭንቅላትና እግር ላይ ግማሽ መንገድ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የሕፃን ፀጉር ማሻሸት እኛ ዘንድ ፍቅር ነው፤ እዚያ ግን አታድርጉት። የሚያስደበድብ ግን አይደለም። ሳላስብ አንዴ የአንዱን ልጅ ራስ ዳስሻለሁ። እናቱ ልጁን ሳብ አደረገች፣ እኔ «ኮ ቶት ክራፕ» አልኩ፤ ይቅርታ ማለት ነው፤ ነገሩ አለቀ። ዝርዝሩን ከመሸምደድ ሐሳቡን መያዝ ይቀላል። ለታዮች አካል ላይና ታች አለው። ራስ የከበረ ነው፣ እግር የወረደ። ስለዚህ በእግር አይጠቆምም፣ በተቀመጠ ሰው ላይ አይሻገሩም፣ ወንበር ላይ እግር አይሰቀልም። ቤተ መቅደስ ውስጥ ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ኋላ አጥፋችሁ መርገጫውን ከቡድሃ ምስል ታዞራላችሁ። «እግርህን ሰብስብ» እየተባለ ያደገ ልጅ ይህ ብርቅ አይሆንበትም። የሚገርመው፣ ዋት ፖ የተባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለው የተጋደመ ቡድሃ ርዝመቱ 46 ሜትር ነው፤ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ፎቶ የሚያነሳው መርገጫውን ነው። በዕንቁ ቅርፊት 108 ምልክት ተሠርቶበታል። የእሱ ይታያል፣ የእናንተ አይታይም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

የታይ መነኩሴ 227 ሕግ ይጠብቃል። ከነዚህ መካከል ሴትን አለመንካት አለበት። ከቀትር በኋላ እስከ ንጋት ምግብ አይቀምስም። ገንዘብ አለመቀበልም አለበት። እንግዲህ ጸሐፊው ክልክል ያልሆነውን ከለከሉ፣ ክልክል የሆነውን ፈቀዱ። ሴት መነኩሴን ማናገር ትችላለች። ቺያንግ ማይ ከተማ እንደ ዋት ቼዲ ሉዋንግ ባሉ ቤተ መቅደሶች መነኮሳቱ ጠረጴዛ ዘርግተው ከውጭ እንግዳ ጋር የሚጫወቱበት ሰዓት አለ። ወንድም ሴትም ይቀመጣል፣ ይጠይቃል። የማይቻለው መነካካት ነው። ሴት ዕቃ ስትሰጠው መሬት ወይም ጠረጴዛ ላይ ታኖርለታለች፤ ወይም እሱ ጨርቅ ይዘረጋና ጨርቁ ላይ ታስቀምጣለች። አውቶቡስ ውስጥ ሴት አጠገቡ አትቀመጥም። ይኸው ነው። «ራቁ» ማለት ሌላ፣ «አትንኩ» ማለት ሌላ።

አሁን ወደ ሳህኑ። መነኮሳቱ ሲነጋጋ ባዶ እግራቸውን ተሰልፈው ይወጣሉ። ሰው በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ተንበርክኮ ይጠብቃቸዋል። ሩዝ፣ ወጥ በፕላስቲክ ከረጢት፣ ፍራፍሬ ሳህኑ ውስጥ ያኖራል። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳይ የቆሎ ተማሪ ነው የታወሰኝ። ያ ለምድ ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆመው ልጅ። ግን ልዩነት አለው፤ የታዩ መነኩሴ አይለምንም። አፉን አይከፍትም። ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚሰጥ ከሌለ ያልፋል። አመሰግናለሁም አይልም፤ አንዳንዴ ይመርቃል እንጂ። ምክንያቱም በእነሱ አስተሳሰብ ተጠቃሚው ሰጪው ነው፤ ሰጥቶ ጽድቅ ያገኘው እሱ ነው። እዚያ ሳህን ውስጥ ሳንቲም ጣል ማድረግ ሩዙ ላይ ሳንቲም መወርወር ነው። ለቤተ መቅደስ ገንዘብ መስጠት የፈለገ ሰው ግቢው ውስጥ ሣጥን አለለት፤ ወይም በፖስታ አድርጎ ለአገልጋዩ ይሰጣል። እርግጥ ነው፣ በተግባር ፖስታ የሚቀበል መነኩሴ አለ፤ የእነሱም ሰው ያማዋል። ከሰዓት በኋላ ቱሪስት በሚበዛበት ሰፈር ሳህን ይዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢጫ ለባሽ ካያችሁ ግን ጠርጥሩ።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልመንላቸው። ዋት ፖ ውስጥ ከተጋደመው ቡድሃ ጀርባ 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል። ሰው እያንዳንዱ ውስጥ ሳንቲም እየጣለ ያልፋል፤ ቅጭል ቅጭል የሚለው ድምፅ ደስ ይላል። ምናልባት ያንን አይተው ይሆናል። እነዚያ ግን የግድግዳ ሳህኖች ናቸው፣ የመነኩሴ አይደሉም።

ቀጥሎ «አትግቡ» ያሉት። ቤተ መቅደስ የገባ ይሰግዳል የሚለው ብዙ ሰው አስፈርቷል። እናቴንም ያሳሰባት ይኸው ነው፤ አባቴን ዋት ፖ ወስጄዋለሁና። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አባቴ ኦርቶዶክስ ነው፣ የሰንበት ቅዳሴ አያስታጉልም። በሩ ላይ ማንም ሳይነግረው ጫማውን አወለቀ። ኮፍያውን አወለቀ። ገብቶ ከኋላ ጥግ ይዞ ቆመ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። አንድ ሰው ተንበርክኮ ሦስት ጊዜ ሲሰግድ አየ። «የሚያምኑ ሰዎች ናቸው» አለኝ በሹክሹክታ። አንድ ጠባቂ መጣ። እኔ ስገዱ ሊል ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሽማግሌ መሆኑን አይቶ ወንበር ሊሰጠው ነበር የመጣው።

ማንም ስገድ አይልም። የሚጠበቀው ሌላ ነው። የሚጸልይ ሰው ፊት አትቁሙ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ብቻችሁን አትገተሩ። ደፉን አትርገጡ፣ ተሻገሩት። ለቡድሃው ጀርባ ሰጥታችሁ ሰልፊ አትነሱ። ዋት ፍራ ኬው፣ አረንጓዴው ቡድሃ ያለበት አዳራሽ ውስጥ፣ ፎቶ ጭራሽ ክልክል ነው። ይህን ሁሉ አንድ የውጭ አገር ሰው ላሊበላ ሲመጣ እንዲያደርግ የምንፈልገው አይደለም? ጫማውን አውልቆ ቤተ ጊዮርጊስ ስለገባ አማኝ ሆነ አንልም። ታይላንድ ራሷ ብዙ ሙስሊም ዜጎች አሏት፣ በተለይ በደቡብ። ቡዲስት ጎረቤታቸው ስገዱ ሲላቸው አይውልም። ሃይማኖቴ ጨርሶ መግባቱን አይፈቅድልኝም የሚል ሰው ይኖራል፤ መብቱ ነው፣ የእሱና የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው። ያኔ ምክንያቱ የእኛ እምነት ነው መባል አለበት እንጂ በታዮቹ ላይ ያልደነገጉትን ግዴታ መለጠፍ አይገባም። ሴት የማትገባበት ቦታ ግን አለ። ቺያንግ ማይ ዋት ቼዲ ሉዋንግ ግቢ ያለው የከተማው ዓምድ ቤት አንዱ ነው፤ በሩ ላይ ተጽፏል። ደብረ ዳሞን ለምናውቅ አዲስ አይደለም።

የሥጋውን ቶሎ ልጨርስ። ታዮች ሥጋ ይበላሉ። በየመንገዱ የአሳማ ሥጋ በእንጨት ተሰክቶ ይጠበሳል። መነኩሴውም ቢሆን ለእሱ ተብሎ ካልታረደ በስተቀር ሳህኑ ውስጥ የገባለትን ሥጋ ይበላል። ጸሐፊው መጻፍ የነበረባቸው ሌላ ነገር ነበር፦ ለእኛ ጾመኞች የሚሆን። «ጄ» የሚባል ምግብ አላቸው፤ ከቻይና ዝርያ ካላቸው ሰዎች የመጣ ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም። ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ታያላችሁ። በሁዳዴ ባንኮክ የገባ ሰው «ጄ» የሚለውን ቃል ከያዘ አይራብም። በዓሣ ፈሳሽ ያልተነካ ምግብ በታይላንድ ሌላ ቦታ ማግኘት ጭንቅ ነው። ደግሞ ሩዛቸውን በማንኪያና ሹካ እንጂ በቾፕስቲክ አይበሉም። ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው መግፊያ ነው፣ አፍ አይገባም።

አሁን ወደ ፈገግታው። ይህኛው ምክር ገንዘብ ያስከስራል። እኔን አስከስሮኝ ነበር።

ፕራቱናም ውስጥ አንድ የጅምላ ሱቅ የሴት ቀሚስ አዘዝኩ። ካርቶኑን ሆቴል ወስጄ ስከፍተው ቁጥሩ ሁሉ ትንንሽ ነው። (ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ዓመት 2566 ነበር። እኛ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስንሆን እነሱ 543 ዓመት ወደ ፊት ናቸው።) ካርቶኑን ተሸክሜ ተመለስኩ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ልጅቷ ፈገግ አለች። የምትስቅብኝ መስሎኝ ባሰብኝ። እሷም ፈገግታዋ ባሰ። መጨረሻ ላይ ካልኩሌተሯን ደፍታ አስቀመጠችና ወደ ኋላ ገባች። ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ማንም አልወጣም።

እዚያ ገበያ ብዙ ዓመት የተመላለሱ አንዲት ሀበሻ ነጋዴ ማታ ምግብ ቤት አገኙኝና ሳቁብኝ። «ነገ ማንጎ ገዝተህ ሂድ» አሉኝ። «ይቅርታ ምናምን እያልክ አትዘብዝብ። ማንጎውን ስጥ፣ ካርቶኑን አስቀምጥ፣ ቀስ ብለህ አስረዳ።» እንዳሉኝ አደረግሁ። ልጅቷ ትናንት ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ካርቶኑን ቀየረችልኝ። ሁለት ቀበቶ መረቀችልኝ።

ያ ፈገግታ ምን ነበር? ታዮች «ክሬንግ ጃይ» የሚሉት ነገር አላቸው። «ጃይ» ልብ ነው። ፈረንጆች ይህን ቃል ለመተርጎም ገጽ ሙሉ ሲጽፉ አይቻለሁ። እኛ አንድ ቃል ይበቃናል፦ ይሉኝታ። ሰውን ላለማስቸገር፣ ላለማሳፈር፣ ፊት ለፊት እምቢ ላለማለት የሚይዝ ነገር። አባቴ ሆስፒታል ውሃ ጠምቶት ነርሷን ላለማስቸገር ዝም ሲል፣ ነርሷም ደክሟት ሳለ ላለማስከፋት ፈገግ ስትል፣ ሁለቱም አንድ በሽታ ነው የያዛቸው ብዬ ስቄያለሁ። የተቆጣ ሰው «ጃይ ሮን» ይባላል፣ ትኩስ ልብ። የተረጋጋው «ጃይ ዬን» ነው፣ ቀዝቃዛ ልብ። እኛ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ የምንለውን እነሱ በልብ ይቆጥራሉ። ስህተት ስትሠሩ «ማይ ፔን ራይ» ይሏችኋል፤ ቃል በቃል የእኛው «ምንም አይደል» ነው። «ምንም አይደል» ያለ ሐበሻ ሁሉ ምንም አልተሰማውም ማለት ነው? እኛ እርስ በርሳችን እናውቀዋለን። ታዮችም ያውቁታል። የማያውቁት ጸሐፊው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ፈገግታ አይቶ «አይቆጡም» ማለት የይሉኝታ አገር ሰው ሊሳሳተው የማይገባ ስህተት ነው። ዋጋ መከራከር ይቻላል፤ በጅምላ ገበያ ብዛት ስትጨምሩ ዋጋው ራሱ ይወርዳል። ካልኩሌተሩን እየተቀባበሉ፣ እየሳቁ ነው የሚሠራው። ገበያ አዳራሽና ምግብ ቤት ግን ዋጋው የተጻፈው ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው «የትኛውም የቡዲስት አገር» የሚለው ነው። እንዲህ ያለ አንድ አገር የለም። ጃፓን ብትሄዱ መነኩሴው ሚስትና ልጆች ሊኖሩት ይችላሉ፤ መንግሥት በ1872 እ.ኤ.አ. ማግባትንም ሥጋ መብላትንም ለፈቃዳቸው ትቶላቸዋል። የቬትናምና የቻይና መነኮሳት ደግሞ ሥጋ አይቀምሱም፤ አምስተኛው ምክር እዚያ ቢሆን ትንሽ በሠራ። ስሪላንካ በየወሩ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቀን በዓል ነው፣ መጠጥ አይሸጥም። ምያንማር ጫማ የሚወልቀው ሕንፃው በር ላይ ሳይሆን ግቢው መግቢያ ላይ ነው፤ ካልሲም አብሮ ይወልቃል። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ፓጎዳ ላይ፣ ቤተ መቅደሳቸው ማለት ነው፣ ጫማ አናወልቅም ብለው የበርማን፣ የዛሬዋን ምያንማር፣ ሕዝብ ለዓመታት አስቆጥተው ነበር። ጥያቄው የፖለቲካ ትግል እስከመሆን ደርሶ በ1919 እ.ኤ.አ. የፓጎዳዎቹ ኃላፊዎች ራሳቸው እንዲወስኑ ተተወ። ጸሐፊው በአንድ መስመር ያለፉት ጫማ ይህን ያህል ታሪክ አለው።

አንድ የዘነጉት ነገር አለ፤ ከንጉሡ ጉዳይ ሌላ ሊያሳስር የሚችለው ይህ ነው። የቡድሃ ምስል። በ2014 እ.ኤ.አ. አንዲት እንግሊዛዊት ክንዷ ላይ የቡድሃ ንቅሳት ስለነበራት ከስሪላንካ ተባርራለች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ፈረንሳውያን ቱሪስቶች ሐውልቱን ሲስሙ ፎቶ ተነስተው በገደብ እስር ተፈርዶባቸዋል። ምያንማር ውስጥ በ2015 አንድ የኒውዚላንድ ሰው የሆነ የመጠጥ ቤት ሥራ አስኪያጅ ከሁለት የምያንማር ሰዎች ጋር ቡድሃ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የሚታይበት ማስታወቂያ በማውጣታቸው ሁለት ዓመት ተኩል ተፈርዶባቸው ነበር። ታይላንድ ውስጥ ደግሞ በ2017 ሁለት አሜሪካውያን ዋት አሩን ላይ ሱሪያቸውን ዝቅ አድርገው ፎቶ ተነስተው እያንዳንዳቸው 5 ሺህ ባት ተቀጥተዋል። ልብ በሉ፣ አንዳቸውም ዋይ ባለማለት አልተከሰሱም።

ለእኛ ሰው ይህ የሚመጣው በሻንጣ በኩል ነው። ለሳሎን ያምራል ተብሎ የሐውልቱ ራስ ይገዛል። ታይላንድ የቡድሃ ሐውልት ከአገር ለማውጣት ከሥነ ጥበብ መምሪያው ፈቃድ ያስፈልጋል። ባንኮክ ውስጥ ቡድሃ ለጌጥ አይደለም የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ለእነሱ መግዛት የሚለው ቃል ራሱ ይከብዳል። ምስሉን «ገዛሁ» አይሉም፤ «ቻው» ይላሉ፣ ተከራየሁ ማለት ነው፣ ከፍለው ለዘለዓለም ቢወስዱትም። ያ ሆዱ የተነፋ፣ የሚስቀው ወፍራም ሐውልት ደግሞ ቡድሃ አይደለም። ቡዳይ የሚባል የቻይና መነኩሴ ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አርመው መልሰው ቢያሰራጩት ደስ ይለኛል። ሦስተኛውን ነጥብ ያውጡት፣ ስድስተኛውንም። ስለ ንጉሡ የጻፉትን አይንኩት። ርዕሱንም ትንሽ ለስለስ ቢያደርጉት፣ እናቴ ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ደውላልኛለች።